ሁለት ፎቶን አንድ ማድረግ፦ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር የፈጠራ መሣሪያዎች ደረጃ በደረጃ

«ሶፍትዌሩን ከፈትኩት፤ መሣሪያው መዓት ነው። ከየትኛው ልጀምር?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ብርሃን ማስተካከልና ፎቶ መቁረጥ የለመደ ሰው ቀጥሎ የሚቆመው እዚሁ ጋ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሌየር (ምስል በምስል ላይ የሚደረብበት ንጣፍ)፣ ማስክ (የሌየሩን ከፊል መደበቂያ) እና ብሌንድ ሞድ (ሌየሩ ከታቹ ጋር የሚዋሃድበት መንገድ)። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው ሌላውን መሣሪያ ራሱ እየነካካ ይደርስበታል። ያልያዘ ግን ፊልተር ሲቀያይር ይውላል። የሚወደው ነገር ቢወጣለትም እንዴት እንደመጣ ስለማያውቅ መድገም አይችልም።

መሣሪያን አንድ በአንድ ማጥናት ይሰለቻል። ስለዚህ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። የሰው ፊትና የዛፍ ቅርንጫፍ የተዋሃዱበት ምስል ነው፤ ደብል ኤክስፖዠር ይሉታል። ይህን የመረጥኩት ሦስቱም ዋና መሣሪያዎች የግድ ስለሚገቡበት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• ሌየርና ማስክ ያለው ሶፍትዌር። ፎቶሾፕ ካላችሁ በእሱ ሥሩ። ነፃ የሚፈልግ ጊምፕን ያውርድ። ምንም መጫን የማይፈልግ ፎቶፒያን በብራውዘር ይክፈት፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል።
• አንድ የፊት ፎቶ። ከጎን የተነሳ፣ ከኋላው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ነገር ብቻ ያለው፣ ፀጉሩ ጠቆር ያለ።
• አንድ የዛፍ ፎቶ። ከጀርባው ብሩህ ሰማይ ያለው፣ ቅርንጫፎቹ ተለይተው የሚታዩ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ሲዋሃድ ዝም ብሎ ጭቃ ይመስላል።
• ረጅም ጎናቸው ቢያንስ 2000 ፒክስል የሆነ ፋይሎች። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ታምቆ ስለሚደርስ እንደ ፋይል አስልኩት።
• ማውዝ። በላፕቶፕ ታችፓድ ማስክ መቀባት ይቻላል፣ ግን እጅ ያደክማል። የስዕል ታብሌት ካላችሁ እሰየው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ፎቶዎቹ የራሳችሁ ይሁኑ፣ ወይም ለመጠቀም ፈቃድ ያላቸው። ፊቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። መልኩ ተቀይሮ ሲወጣ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሕግ አለ፤ ዋናውን ፎቶ አትንኩ። ማንኛውም ለውጥ ከላይ በተደረበ ሌየር ላይ ይሁን። ሌየሮችን እንደተነባበሩ ግልጽ ፕላስቲኮች አስቧቸው፤ የላዩን ብታነሱ የታቹ እንደነበረ ነው። በዋናው ፒክስል ላይ በቀጥታ የሠራችሁት ነገር ግን ፋይሉን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መመለሻ የለውም፤ «አንዱ» (Undo፣ የሠሩትን መልሶ መሻሪያው) የሚሠራው ፋይሉ ክፍት እስካለ ብቻ ነው። ፈጠራ ማለት መሞከር ነው፤ መመለሻ የሌለው ሰው ደግሞ ለመሞከር ይፈራል።

አቋራጭ ቁልፎቹን የምጽፈው ለዊንዶውስ ነው። ማክ ላይ ኮንትሮል ባልኩበት ኮማንድ፣ አልት ባልኩበት ኦፕሽን ተጫኑ።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን አዘጋጁ

የፊቱን ፎቶ ክፈቱና ምንም ሳትነኩ በፕሮጀክት ፎርማት አስቀምጡ። ለፎቶሾፕና ለፎቶፒያ ፒኤስዲ፣ ለጊምፕ ኤክስሲኤፍ። ጄፔግ ሌየር አይዝም፤ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ያደርገዋል፣ በተቀመጠ ቁጥርም ጥራት ይቀንሳል።

ቀጥሎ ሌየሩን አባዙ። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ጄ፣ ጊምፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲ። የታችኛውን ዓይን ምልክት አጥፉና «ዋና» ብላችሁ ሰይሙት። የላይኛው «ፊት» ይሁን። ስም መስጠት ትርፍ ሥራ ይመስላል። ሌየሩ 10 ሲደርስ ግን «ሌየር 1 ኮፒ 3» የቱ እንደነበረ ማንም አያስታውስም።

ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ ከሆናችሁ እዚሁ ላይ ምስሉን ወደ 16 ቢት ቀይሩት። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ብርሃኑን ስትለጥጡት ሰማይና ግድግዳ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ወደ 16 መቀየር ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አይጨምርም፤ ከዚህ በኋላ የሚሠሩት ስሌቶች ግን እየተቆራረጡ አይሄዱም። ኮምፒውተራችሁ ከተንፏቀቀ ይለፋችሁ።

ደረጃ 2፦ ፊቱን ጥቁርና ነጭ አድርጉ፣ ንፅፅሩን አክርሩ

ፎቶሾፕና ፎቶፒያ ላይ የ«ብላክ ኤንድ ኋይት» አጀስትመንት ሌየር (ከሥሩ ያለውን ፒክስል ሳይነካ መልኩን ብቻ የሚቀይር ሌየር)፣ በላዩ ደግሞ የጨለማና የብርሃን ማስተካከያውን «ሌቭልስ» ጨምሩ። ጊምፕ ላይ ቀለሙን በ«ዲሳቹሬት» አጥፉና «ሌቭልስ»ን ክፈቱ። ጊምፕ ከ3.0 ጀምሮ ብዙዎቹ ፊልተሮች ተመልሰው የሚስተካከሉ ሆነዋል። ከዚያ በፊት ያለ ቨርዥን ከያዛችሁ ግን ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ሌየሩን አባዙ።

ሌቭልስ ላይ የቀኙን ሦስት ማዕዘን ወደ ግራ ግፉት፣ የጀርባው ግድግዳ ንጹሕ ነጭ እስኪሆን። የግራውን ወደ ቀኝ ግፉት፣ ፀጉሩ ጥቁር እስኪሆን። ፎቶሾፕ ላይ አልት ይዛችሁ ስትጎትቱ የትኛው ቦታ ሙሉ ነጭ ወይም ሙሉ ጥቁር እንደሆነ ያሳያችኋል።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ የሚቀጥለው ሥራ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ነጭ የመሰላችሁ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው። ዓይናችሁን አትመኑ፤ የቀለም መልቀሚያውን አምጡና ቁጥሩን እዩ። ከ250 በላይ መሆን አለበት፤ ሙሉ ነጭ 255 ነው። የፎቶው ማዕዘኖች አልነጣም ካሉ ሌቭልሱን አታስጨንቁት፤ ጉንጭና አፍንጫም አብረው ይነጣሉ። አዲስ ባዶ ሌየር ከላይ ጨምሩና ማዕዘኖቹን ብቻ በለስላሳ ነጭ ብራሽ ቀቡ።

ደረጃ 3፦ ዛፉን አስገቡ

ፎቶሾፕ ላይ «ፕሌስ ኢምቤድድ» በሚለው አስገቡት፤ ራሱ ስማርት ኦብጀክት ያደርገዋል። ጊምፕ ላይ «ኦፕን አዝ ሌየርስ» በሚለው። ዛፉ ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ ይሁን።

ስማርት ኦብጀክት ለምን? ተራ ሌየር ስታሳንሱት ፒክስሉ ይጣላል፤ መልሳችሁ ስታተልቁት ይደበዝዛል። ስማርት ኦብጀክት የመጀመሪያውን መጠን ውስጡ ይዞ ስለሚቆይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትለዋውጡት አይጎዳም። ጊምፕ ላይ ስትሠሩ መጠኑን አንዴ ወስናችሁ አንዴ ቀይሩ።

የዛፉን ኦፓሲቲ (ድፍንነቱን) ወደ 50 በመቶ አውርዱ፤ ከሥሩ ፊቱ ይታያችኋል። አሁን አንቀሳቅሱት፣ አዙሩት፣ ገልብጡት። ቅርንጫፉ የፀጉሩን ወይም የአንገቱን መስመር ተከትሎ እንዲሄድ አድርጉ። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ሁለቱ ቅርጾች መስመር ለመስመር ከገጠሙ ሥራው ግማሹ አለቀ፤ ካልገጠሙ የትኛውም ፊልተር አያድነውም። ሲበቃችሁ ኦፓሲቲውን ወደ 100 መልሱ።

ደረጃ 4፦ ብሌንድ ሞዱን «ስክሪን» አድርጉ

የሌየር ፓነሉ አናት ላይ «ኖርማል» የሚል ዝርዝር አለ። ዛፉ ተመርጦ ሳለ ከዚያ «ስክሪን»ን ምረጡ። ዛፉ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳው ደግሞ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። መቀስ ሳታነሱ ዛፉ በሰው ቅርጽ ተቆረጠ። እኔ እስካሁን ይህን ቅጽበት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የሆነውን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም በሌላ ፎቶ ላይ ሁሉ ይሠራላችኋል። ሶፍትዌሩ ጥቁርን 0፣ ነጭን 1 ብሎ ይቆጥራል። «መልቲፕላይ» የሁለቱን ሌየሮች ቁጥር ያባዛል። 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ይጨልማል። ነጭ 1 ስለሆነ በማንም ላይ ለውጥ አያመጣም፣ ይጠፋል። ስክሪን ተቃራኒው ነው። ቁጥሮቹን ገልብጦ ያባዛና መልሶ ይገለብጣቸዋል። 0.5 እና 0.5 ሲገናኙ 0.75 ይሆናሉ፤ ይበራል። እዚህ የሚጠፋው ጥቁር ነው፣ ነጭ ደግሞ ከየትኛውም ሌየር ቢመጣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ግድግዳው ነጭ ነበር፤ ቀረ። ፀጉሩ ጥቁር ነበር፤ በቦታው ዛፉ ገባ። ደረጃ 2 ላይ ቁጥር እዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ግድግዳው ግራጫ ከሆነ የቅርንጫፍ ጥላ እዚያም ላይ ይታያል።

ጀርባው ጨለማ የሆነ ፎቶ ካላችሁ ሁሉንም ገልብጡ። ጀርባውን ወደ 0 አውርዱና መልቲፕላይ ተጠቀሙ፤ ዛፉ በብሩሁ ፊት ላይ ይገባል።

«ኦቨርሌይ»ንና «ሶፍት ላይት»ንም አንዴ ሞክሩ። ሁለቱም ጨለማውን ያጨልማሉ፣ ብሩሁን ያበራሉ፤ መካከለኛ ግራጫ ምንም አያደርግባቸውም። ለዚህ ምስል አይሆኑም፣ ቆይተን ግን እንፈልጋቸዋለን።

ደረጃ 5፦ በማስክ ፊቱን አውጡ

አሁን ቅርንጫፉ ዓይንና ከንፈር ላይም ወጥቷል። ኢሬዘር ለማንሳት እጃችሁ ይሄዳል። አታንሱት። ኢሬዘር ያጠፋል፤ ማስክ ይደብቃል። የደበቃችሁትን ነገ መመለስ ትችላላችሁ።

ዛፉን ምረጡና ከፓነሉ ሥር ያለውን የማስክ ምልክት ተጫኑ። ጊምፕ ላይ በቀኝ ክሊክ «አድ ሌየር ማስክ»፣ ከዚያ ነጭ። ከዛፉ አጠገብ ነጭ ካሬ ይወጣል። በማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። በቃ፣ የማስክ ነገር ይኸው ነው።

ማስኩን ራሱን ክሊክ አድርጉ። ብራሽ አውጡ፤ ሃርድነሱ (የጠርዙ ጥንካሬ) 0፣ ፍሎው (በአንድ ጊዜ የሚወጣው ቀለም መጠን) ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ቀለሙ ጥቁር። ዲ ቁልፍ ጥቁርና ነጭን ይመልስላችኋል፣ ኤክስ ያቀያይራቸዋል። ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ላይ ደጋግማችሁ በስሱ እለፉ። ፍሎውን ዝቅ ያደረግነው መደባለቂያው ቀስ በቀስ እንዲመጣ ነው። በ100 በመቶ ከቀባችሁ የተቆረጠ ወረቀት ጠርዝ ይመስላል። ከበዛባችሁ ኤክስ ተጫኑና በነጭ መልሱ።

ማስኩን አልት ይዛችሁ ክሊክ ብታደርጉት እሱ ብቻ ይታያል። ያመለጡ ነጠብጣቦች የሚታዩት ያኔ ነው።

ሁሉንም አትደብቁ። ጉንጭ ላይ አንድ ሁለት ቀጭን ቅርንጫፍ ማስቀረት ሁለቱን ዓለም ያያይዛል። ዓይኑን ግን ንጹሕ ተዉት፤ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑን ቅረጹ

አዲስ ሌየር ከላይ ጨምሩ፣ በ50 በመቶ ግራጫ ሙሉት፣ ሞዱን ሶፍት ላይት አድርጉ። ምንም አይታይም፤ ግራጫ በዚህ ሞድ ገለልተኛ ነው። አሁን በለስላሳ ብራሽ፣ ፍሎው 5 በመቶ አካባቢ፣ በነጭ ስትቀቡ ቦታው ይበራል፣ በጥቁር ስትቀቡ ይጨልማል። የአፍንጫ ጫፍ፣ የጉንጭ አናትና የዓይን ብሌን ላይ ትንሽ ብርሃን፤ ከአገጭ ሥር ትንሽ ጥላ።

ሶፍትዌሩ ላይ «ዶጅ» እና «በርን» የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። የሚሠሩት ግን በፒክስሉ ላይ በቀጥታ ነው። የግራጫው መንገድ ይሻላል፤ ከበዛ ኦፓሲቲውን ማውረድ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀለም ስጡት

ሁለት ፎቶ ከሁለት ቦታ የመጣ መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የሚያሳብቀው ቀለም ነው። ዛፉ አረንጓዴ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ነው። «ግራዲየንት ማፕ» ይህን በአንዴ ይፈታል። የምስሉን ጨለማ ክፍል በአንድ ቀለም፣ ብሩሁን በሌላ ይተካል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ቤተሰብ ይሆናል።

ፎቶሾፕና ፎቶፒያ ላይ አጀስትመንት ሌየር ሆኖ ይጨመራል። ጊምፕ ላይ መጀመሪያ የሚታየውን ሁሉ «ኒው ፍሮም ቪዝብል» በሚለው ወደ አዲስ ሌየር ውሰዱ፣ ግራዲየንቱን ምረጡ፣ ከዚያ ከቀለም ሜኑ «ማፕ» ውስጥ ታገኙታላችሁ።

በግራ ጥቁር ሰማያዊ፣ በቀኝ ክሬም ነጭ አድርጉና ጀምሩ። የግራው ቀለም ከቀኙ የጨለመ ይሁን፤ ከተገለበጠ ምስሉ ኔጋቲቭ ይመስላል። ከዚያ ኦፓሲቲውን ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ሞክሩ። ደማቅ ቀለም የምትፈልጉ 100 ላይ ተዉት።

ደረጃ 8፦ ጥቂት ግሬን ጨምሩ

ሁለት ካሜራ ሁለት ዓይነት ግሬን (ፎቶ ላይ የሚታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ) አለው። አንዱ ልስልስ፣ ሌላው ሻካራ ሲሆን ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ይጠራጠራል። እንደ ደረጃ 6 ግራጫ ሌየር ጨምሩ፣ ሞዱን ኦቨርሌይ አድርጉ፣ «አድ ኖይዝ» ከ3 እስከ 6 በመቶ ስጡት። «ሞኖክሮማቲክ» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ ባለቀለም ነጠብጣብ ይሆናል። ግሬኑን ስትመዝኑ ዙሙ 100 በመቶ ላይ ይሁን።

ደረጃ 9፦ ፈትሹና አውጡ

ምስሉን ወደ ጎን ገልብጣችሁ እዩት። ለረጅም ሰዓት ያያችሁትን ነገር ዓይን ይለምደዋል፤ ሲገለበጥ የተዛባው ቦታ ይታያል። ከዚያ ዙሙን አሳንሱ፣ የስልክ ስክሪን ላይ በሚታይበት መጠን። ፊቱ ካልተለየ ማስኩ ላይ ተመለሱ። ከተቻለ እስከ ነገ ተዉት።

ለኢንተርኔት ስታወጡት የቀለም ፕሮፋይሉ ኤስአርጂቢ፣ ረጅም ጎኑ 2048 ፒክስል አካባቢ፣ የጄፔግ ጥራቱ ከ80 እስከ 90 ይሁን። ፕሮፋይሉ ሌላ ከሆነ አንዳንድ ስክሪን ላይ ቀለሙ የሞተ ሆኖ ይታያል። ለህትመት ደግሞ በኢንች 300 ፒክስል አስቡ። 20 በ30 ሴንቲሜትር ለማተም 2362 በ3543 ፒክስል ያስፈልጋል፤ 2000 ፒክስል በዚህ ጥራት የሚያወጣው 17 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሌየሩን ፋይል አትሰርዙት።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«እየቀባሁ ነው፣ ማስኩ አይሠራም፣ ጥቁር ቀለም ብቻ ይወጣል።» የተመረጠው ማስኩ ሳይሆን ምስሉ ነው። ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፣ ማስኩን ክሊክ አድርጉ፣ ዙሪያው ላይ ክፈፍ መኖሩን አይታችሁ ቀጥሉ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ይኸው ነው።

«ብሌንድ ሞድ ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም።» ከሥሩ የሚታይ ሌየር አለ? ብሌንድ ሞድ ከታች ካለው ጋር ነው የሚሠራው። ብቻውን ያለ ሌየር የሚዋሃደው ነገር የለውም።

«ብራሹ ምንም አይቀባም።» ሳታውቁት የመረጣችሁት ጥቂት ቦታ አለ። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮልና ዲ፣ ጊምፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ ምርጫውን ያነሳል።

«ሁሉም ነገር ነጭ ሆነብኝ።» የዛፉ ሰማይ ፀጉሩን በልቶታል። በስክሪን ሞድ ነጭ ያሸንፋል። ለዛፉ ብቻ ሌቭልስ ስጡትና አጨልሙት፤ ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ጂ አጀስትመንቱን ከሥሩ ካለው ሌየር ጋር ብቻ ያስረዋል።

ጥንቃቄ

«ፍላተን» ወይም «መርጅ» የሚሉትን ሥራው ሳያልቅ አትንኩ። ሌየሮቹን ይጨፈልቃሉ፤ አስቀምጣችሁ ከዘጋችሁ አበቃ። ፋይሉን ወደ 8 ቢት ስትቀይሩ ወይም መጠኑን ስታሳንሱም በኮፒ ላይ ይሁን።

የስክሪናችሁን ብርሃን መካከለኛ አድርጉት። በጣም በበራ ስክሪን የሠራችሁት ምስል ሲታተም ይጨልማል። የምሽት ሞድ የሚባለውን ቢጫ ብርሃንም አጥፉት፤ ቀለሙን ያታልላችኋል።

በስልክ ለምትሠሩ

ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ «ደብል ኤክስፖዠር» የሚል መሣሪያም አለው። የፊቱን ፎቶ ክፈቱ፣ በ«ከርቭስ» ጀርባውን አንጡ፣ ከዚያ በደብል ኤክስፖዠር ዛፉን ጨምሩና ከሞዶቹ «ላይትን»ን ምረጡ። ላይትን የሁለቱን ምስሎች ብሩህ ክፍል ስለሚወስድ ነጩን ግድግዳ አይነካውም። ፊቱን ለማውጣት «ቪው ኤዲትስ» ውስጥ ግቡና የደብል ኤክስፖዠሩን መስመር ተጫኑ፤ የብራሽ ምልክት ይወጣል። ዛፉ እንዲታይ የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ በጣታችሁ ቀቡ። አካሄዱ ከማስኩ ተቃራኒ ነው፤ እዚህ የምትቀቡት የሚደበቀውን ሳይሆን የሚታየውን ነው። ለጥቃቅን ቦታ በሁለት ጣት ዙም አድርጉ፤ የብራሹ መጠን በስክሪኑ ላይ ስለማይቀየር ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር በምስሉ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል።